«ከሰውነት የተሠራው መድኃኒት መጣ ወይ?» ለምትሉኝ

አንዱ ስልኩ ላይ ያነባል፣ በርጫ ላይ ያወራል፣ በማግስቱ ድሬዳዋ ሁሉ ያውቀዋል። ሰሞኑን ከዚራ ወዳለው ፋርማሲያችን የሚገባው ሁሉ «አቦ፣ ያ ከሰው ሰውነት የሚሠራው አንቲባዮቲክ መጣ ወይ?» ይለኛል። አልመጣም።

ወሬው መነሻ አለው። ሰውነታችን ባክቴሪያ የሚገድሉ አጫጭር ፕሮቲኖች ያመርታል፤ ፔፕታይድ ይባላሉ። ተመራማሪዎች እነሱን አሻሽለው መድኃኒት ለማድረግ እየሞከሩ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን አብዛኛው የበርጫ ጭማሪ ነው።

«ላብ ቆሻሻ ብቻ ነው።» አይደለም፤ ደርምሲዲን የሚባል ፔፕታይድ የሚገኘው እዚያው ላብ ውስጥ ነው። በድሬ ሙቀት ሀብታሞች ነን ማለት ነው። መታጠብ ግን አይቀርም።

«ዘር ይቀይራል።» የሚቀየረው ቤተ ሙከራ ውስጥ ያለው ፔፕታይድ ነው። የማንንም ጂን አይነካም።

«ከራሳችን ስለተገኘ ጉዳት የለውም።» ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው። የሆድ አሲድም ከራሳችን ነው፤ ዓይናችሁ ላይ ጠብ አድርጉት እስቲ! ኤልኤል-37 የሚባለውን የሰውነታችንን ፔፕታይድ እንውሰድ፤ 37 አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያ ቁራጮች) የተያያዙበት ነው። ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላለው ኔጌቲቭ የሆነው የባክቴሪያ ሽፋን ላይ ይለጠፍና ሽፋኑን ይበሳዋል። መጠኑ ሲበዛ ግን የራሳችንንም ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ደግሞ ቁስል ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ይቆራርጡታል።

«ታዲያ የተፈጥሮውን ለምን ይነካኩታል?» የሚሉኝም አሉ። ለዚሁ ነዋ! አንዳንዶቹ ያሳጥሩታል፣ አንዳንዶቹ አሚኖ አሲዶቹን በሌላ ይተካሉ፣ ኢንዛይም እንዳይቆርጠው ቅርጹን የሚገለብጡም አሉ። የሆላንድ ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ሳፕ-148 ከኤልኤል-37 ተነስቶ 24 አሚኖ አሲድ ብቻ ያለው ሆኗል። ቅባቱ መድኃኒት የለመደ ስታፊሎኮከስ የሚባል ባክቴሪያን ከአይጥ ቆዳ ላይ አጽድቷል። ከአይጥ እስከ ፋርማሲ መደርደሪያ ግን ብዙ መንገድ አለ። ከእንቁራሪት ፔፕታይድ የተሠራው ፔክሲጋናን ሰው ላይ ሁሉ ተሞክሮ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ፈቃድ ከልክላዋለች።

«ይሄን ባክቴሪያ አይለምደውም።» ይለምደዋል። ስታፊሎኮከስ የሽፋኑን ቻርጅ ቀይሮ ፔፕታይዱ እንዳይጠጋው ያደርጋል። እግረ መንገዴን፦ «ሰውነቴ አሞክሳሲሊን ለምዷል» የምትሉትንም ተዉ። የለመደው ባክቴሪያው ነው፣ ሰውነታችሁ አይደለም።

ይሄን ሁሉ የምለፈልፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ስኳር ያለባቸው አንድ አባት የእግራቸውን አውራ ጣት በጨርቅ ጠቅልለው መጡ። ስፈታው፣ ካፕሱል ፈልቅቀው የነሰነሱት ዱቄት ከመግሉ ጋር ተጋግሮ ቅርፊት ሠርቷል። «አዲሱ እስኪመጣ ማቆያ ነው ልጄ» አሉኝ። ቅርፊቱ ሲነሳ ከሥሩ ያለው ቁስል ከላይ ከሚታየው እጥፍ ነበር።

ስኳር ያለባችሁ፣ ማታ ማታ እግራችሁን በጣቶቹ መሀል ሳይቀር እዩ። ስኳር ስሜት ስለሚያደነዝዝ ሕመም አትጠብቁ። ቁስል ካያችሁ በንጹሕ ውኃ አጥባችሁ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ካፕሱል ግን በፍሬ ቆርጠህ ሽጥልኝ አትበሉኝ። ያለ ማዘዣ አልሰጥም።