ምድር ቤቱን ውሃ የሚያስገባው ማነው? ደሴ ላይ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጦሳ ተራራ ሥር ያደገ ሰው ሐምሌ መግባቱን ከምድር ቤቱ ጠረን ያውቃል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተዳፋት ይዛ የተቀመጠች ከተማ ናት። ብዙዎቹ አሮጌ ቤቶቿ ዳገቱ ተቆርጦ የተሠሩ በመሆናቸው ከታች መንገድ ሲያዩዋቸው ባለ ሁለት፣ ከጓሮ ሲያዩዋቸው ባለ አንድ ደርብ ይመስላሉ። ታችኛው ክፍል እህል ማስቀመጫ ወይም ኪራይ ቤት ይሆናል፤ የጀርባ ግድግዳው ግን አፈር ተሸክሟል። በየክረምቱ የሚረጥበውም እሱ ነው።

«ከሥሩ ምንጭ አለ»

ሊኖር ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኛው የራሳችን ጣሪያ ነው። 80 ካሬ ቆርቆሮ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 2,400 ሊትር ይሆናል፤ 12 በርሜል ማለት ነው። አሸንዳ ከሌለ ግማሹ የሚፈሰው በጓሮ በኩል፣ እዚያው ግድግዳው ሥር ነው።

መለየት አያስቸግርም። ዘንቦ ብዙም ሳይቆይ ከገባ ከጣሪያ ወይም ከደጅ የመጣ ውሃ ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላም ለቀናት ካንጠባጠበ ከዳገቱ ውስጥ የሚሰርግ ነው። በታኅሣሥ ደረቅ ወቅት ከረጠበ ደግሞ ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘግታችሁ ቆጣሪውን እዩ፤ ከዞረ መስመሩ ያፈሳል። ካልዞረ ከላይ በኩል ያለውን የመጸዳጃ ጉድጓድ ጠርጥሩ።

«ከውስጥ በሲሚንቶ ቢለሰን ያልቃል»

አባቴ ሦስት ጊዜ አስለስነዋል። በአራተኛው ክረምት ልስኑ እንደ ቂጣ ተገንጥሎ ወደቀ። ግንበኛው አልሰነፈም፤ ሥራው የተሠራው በተሳሳተው በኩል ነው። ከግድግዳው ጀርባ ውሃ አንድ ሜትር ከፍታ ቢጠራቀም ከታች በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ቶን ያህል ይገፋል። ይህን የሁለት ሳንቲ ሜትር ልስን አይመልሰውም። ግድግዳው የእንጨትና የጭቃ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ ሲሚንቶው እርጥበቱን አፍኖ ያስቀረውና እንጨቱ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል።

ግድግዳው ላይ የሚወጣው ነጭ ዱቄትም ብዙውን ጊዜ ሻጋታ ሳይሆን ውሃው ይዞት የመጣ ጨው ነው። በቀለም መሸፈን ከንቱ ነው።

መፍትሔው ከቤቱ በላይ ነው፤ በዳገቱ በኩል ውሃውን አቋርጦ ወደ ጎን የሚወስድ ቦይ። ለሚሰርገው ውሃ ጉድጓዱን ጠለቅ አድርጎ፣ ቀዳዳ ያለው ቱቦ አስተኝቶ፣ በጠጠር መሙላት ነው። ጭቃው ጠጠሩን እንዳይደፍነው በማጣሪያ ጨርቅ ይጠቀለላል። አደራ፣ መሠረቱን ተጠግታችሁ አትቆፍሩ፤ አሮጌ የድንጋይ መሠረት ሥሩ ከተራቆተ ቤቱ ይሰነጠቃል። ጥልቅ ከሆነ መሐንዲስ ሳያየው አይጀመር።

«የግንቡ ቀዳዳ ውሃ ስለሚያስገባ ይደፈን»

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። አፈር የሚደግፈው ግንብ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች የኋላው ውሃ መተንፈሻ ናቸው። ለማሳመር ብለው የደፈኑት ግንብ መጀመሪያ ሆዱን ይነፋል፣ ከዚያ ይናዳል። ደሴ ደግሞ የመሬት መንሸራተትን የምታውቅ ከተማ ናት። ግንባችሁ ካበጠ፣ በሩ አልዘጋ ካለ፣ ጓሮው መሬት ላይ ስንጥቅ ከታየ ጉዳዩ ከእርጥበት አልፏል፤ ታችኛው ክፍል ሰው አይደርበት፣ ባለሙያ ጥሩ።

«ግቢው ሲሚንቶ ከሆነ ችግር የለም»

ተዳፋቱ ወደ ቤቱ ከሆነ ሲሚንቶው ውሃውን ያፈጥነዋል እንጂ አያስቀረውም። ወለሉ በሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከግድግዳው እየራቀ ይውረድ። ታች ያለው ጎረቤት ምድር ቤት ላይ ግን አትልቀቁት። የእኛ ቦይ ሦስት ግቢ ያቋርጣል፤ ስምምነቱም ቡና ላይ ነው ያለቀው።

«ባሕር ዛፍ ይመጥጠዋል»

በበጋ ይጠጣል፤ ነሐሴ ላይ ግን አይደርስበትም። ሥሩ ደግሞ ቱቦና መሠረት ውስጥ ይገባል።

«ክረምት ሲገባ እናየዋለን»

ሐምሌ ላይ መቆፈር ጭቃ ማቡካት ነው። እኛ ዘንድ በልግ አለ፤ የካቲትና መጋቢት ላይ ጠንከር ያለ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዛችሁ ጓሮ ውጡ። ውሃው የት ቆመ? አሸንዳው የት ሞልቶ ፈሰሰ? ያያችሁበት ቦታ ላይ ችካል ምቱ፤ መሬቱ ሲጠና የምትቆፍሩት እዚያ ነው።