የርካሽ ክራር መቃኛና ቀንበር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር ገበያ ላይ ለቱሪስት ማስታወሻ ተብሎ የተሠራውን ክራርና ለጀማሪ ተብሎ የተሠራውን በዓይን መለየት ያስቸግራል። ሁለቱም ባለ 6 ክር ናቸው፤ ጌጣቸውም ይመሳሰላል። የሚለዩት ትዝታ ተቃኝተው ዘፈኑ ሳያልቅ የአንደኛው ድምፅ ሲወርድ ነው። ባለቤቱ ወዲያው ክር ሊገዛ ይሄዳል። ክሩ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ ክሩ በሚጎትታቸው ክፍሎች ማለትም በመቃኛው (ክሩ የሚጠመጠምበት ተሽከርካሪ እንጨት)፣ በቀንበሩ (መቃኛዎቹ የሚገቡበት የላይኛው አግዳሚ)፣ በምሰሶው (ቀንበሩን የሚሸከመው ቋሚ) ወይም በቆዳው ላይ ነው።

«የሚወርደው ክሩ ስለቀጠነ ነው፤ ወፈር ያለ ይታሰርበት»

ይህ ምክር ብዙ ክራር ሰብሯል። አንድን ድምፅ ለመስጠት ክሩ የሚፈልገው ውጥረት የሚጨምረው ውፍረቱ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ልክ ነው፦ ክሩ በ10 በመቶ ሲወፍር ውጥረቱ በ21 በመቶ ይጨምራል። በናይለኑ ቦታ እኩል ውፍረት ያለው የብረት ክር ከታሰረማ ውጥረቱ ወደ 7 እጥፍ ይደርሳል፤ ብረት ከናይለን በዚያው ልክ ይከብዳልና። የ0.70 ሚሊ ሜትር ናይለን በብረት የሚተካው በ0.27 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ቀጭኑ የጊታር ክር ለዚህ ይቀርባል።

የጣና ዓሣ አጥማጆች የሚጠቀሙበት ናይለን ለክራር ያገለግላል፤ ግን አዲስ ሲሆን ይለጠጣል። አስረው ይቃኙት፣ መሐሉን በጣት ሳብ ሳብ ያድርጉት፣ እንደገና ይቃኙትና ይደር። ከሦስት ቀን በኋላም የሚወርድ ከሆነ ምክንያቱን ሌላ ቦታ ይፈልጉ። ፍለጋው ቀላል ነው። ከመቃኛው ጀምሮ ቀንበሩ ድረስ በእርሳስ አንድ መስመር ያስምሩ። ሲነጋ መስመሩ ከተቆረጠ መቃኛው ዞሯል። መስመሩ ሳይነካ አንድ ክር ብቻ ከወረደ ቋጠሮው ይታይ። ስድስቱም አብረው ከወረዱ ቀንበሩ ወይም ቆዳው ነው።

«መቃኛ ሲንሸራተት ሱፐር ግሉ ጠብ ማድረግ፣ ሲጠብቅ ዘይት መቀባት»

ሁለቱም ቀዳዳውን ያበላሻሉ። ሱፐር ግሉ መቃኛውን ከቀንበሩ ጋር አንድ ያደርገዋል፤ በጉልበት ሲዞር አንገቱ ይቀነጠሳል። ዘይት ደግሞ እንጨቱ ውስጥ ስለሚገባ ከዚያ በኋላ ኮላ እንኳ አይዝም።

መቃኛ የሚይዘው በሰበቃ ነው፤ ስለዚህ እንጨቱ ዙሪያውን ቀዳዳውን መንካት አለበት። በመጀመሪያ ክሮቹን ሁሉ በጥቂት በጥቂቱ ያላሉ፤ አንዱን ብቻ ሙሉ በሙሉ መፍታት ቀንበሩን ሊያጣምመው ይችላል። መቃኛውን አውጥተው ይዩት። ያብረቀረቀው በአንድ ጎኑ ብቻ ከሆነ የሚይዘው እዚያ ብቻ ነው። ባለ 220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት መቃኛው ላይ ጠቅልለው ቀዳዳው ውስጥ ቀስ ብለው ያዙሩ። ከዚያ ደረቅ ሳሙና፣ በላዩ ጠመኔ ይቀቡት። ከተንሸራተተ ጠመኔ፣ ከጠበቀ ሳሙና ይጨምሩ።

ቀዳዳው እንደ እንቁላል ከሞለለ ግን በዚህ አይድንም። በ10 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ አጽድተው ክብ እንጨት በኮላ ይድፈኑት፣ 24 ሰዓት ያድርቁት፣ ከዚያ በ6 ሚሊ ሜትር እንደገና ይብሱትና በሾጣጣ ክብ ሞረድ ያስፉት። አዲስ መቃኛ ከወይራ ቢሆን ይመረጣል፤ ዋንዛ ለቀንበር እንጂ ለመቃኛ ይለሰልሳል። ሹልነቱ በ30 ሚሊ ሜትር ርዝመት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይቀንስ። ከዚህ በላይ ከሾለ ይዘላል፤ ካነሰ ደግሞ ይነክስና አልዞርም ይላል።

ክሩን 3 ወይም 4 ዙር ወደ መቃኛው ራስ አቅጣጫ ይጠምጥሙት። ያን ጊዜ ውጥረቱ ራሱ መቃኛውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። በተቃራኒው ከተጠመጠመ ቀኑን ሙሉ እየገፋ ያወጣዋል።

«የጊታር መቃኛ ከተገጠመለት ነገሩ አለቀ»

ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ግን ርካሹ መቃኛ ጥርሶቹ መካከል ክፍተት አለው። ስለዚህ ድምፁ ከፍ ካለ ከሚፈለገው በታች ያውርዱትና ከታች ወደ ላይ ይቃኙት። ከላይ ወደ ታች ወርዶ የቆመ ክር ክፍተቱ እስኪሞላ ድረስ ይወርዳል። ብሎኑ ከላላ ቀዳዳውን በስቴኪኒና በኮላ ሞልተው ሲደርቅ ብሎኑን መልሰው ያጥብቁት። ስድስቱንም ቀዳዳ በእንጨቱ መስመር ላይ በአንድ ቀጥታ አይብሱ፤ አንዱን ዝቅ አንዱን ከፍ ያድርጉ፣ አለበለዚያ ቀንበሩ እንደ ማገዶ ይሰነጠቃል።

«የሚነቃነቅ ቀንበር ሚስማር ይበቃዋል»

ሚስማር የሚይዘው አንድ ክረምት ነው። እንጨቱ ሲረጥብ ሲደርቅ ያብጣል፣ ይኮማተራል፤ ሚስማሩ ይዝጋል፣ ይላላል፣ ዋንዛውም ይሰነጠቃል። ምሰሶውን በአንድ እጅ፣ ቀንበሩን በሌላው ይዘው ጠምዘዝ ሲያደርጉ «ቀጭ» ካለ መገጣጠሚያው ይፈታ። አሮጌው ኮላ እስከ እንጨቱ ድረስ ይፋቅ፤ ኮላ በደረቀ ኮላ ላይ አይዝም። ከቀዳዳው በሚወጣው የምሰሶ ጫፍ ላይ 15 ሚሊ ሜትር ጥልቀት በመጋዝ ይሰንጥቁ፤ ስንጥቁ ከቀንበሩ ርዝመት ጋር መስቀለኛ ይሁን። ኮላ ቀብተው ቀጭን ሽብልቅ ይምቱበት። ሽብልቁ ምሰሶውን ወደ ቀንበሩ ርዝመት ስለሚገፋ እንጨቱን አይሰነጥቅም።

ቀንበሩ አስቀድሞ ከተሰነጠቀ ስንጥቁን ኮላ ሞልተው በገመድ ያጥብቁት፤ ሲደርቅ በእርጥብ ጠፈር (የጥሬ ቆዳ ማሰሪያ) ጥምጥም አድርገው ይሰሩት። ጠፈሩ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ አጥብቆም ይይዛል። ሽቦ እንጨቱን ይበላዋል፤ ጠፈር ግን አይጎዳውም።

«ነዝር ካለው ፒካፑ ተበላሽቷል»

ፒካፕ የክሩን ንዝረት ወደ አምፕሊፋየር የሚልክ ዕቃ ነው። ከአምፕሊፋየር ጋር የተያያዘ ክራር ሲንዘረዘር መጀመሪያ የአምፕሊፋየሩን ድምፅ ይዝጉና ክራሩን በባዶው ይምቱት። ነዝሩ ከቀጠለ የላላ ብሎን ወይም ረዥም የተተወ የክር ጫፍ ነው።

«በክረምት ቆዳው ሲረግብ እሳት ዳር ማሞቅ ነው»

ከሰኔ እስከ መስከረም ሐይቁ ዳር አየሩ እርጥብ ነው። ቆዳው ውኃ ይስባል፣ ብርኩማው (ቆዳው ላይ ቆሞ ክሮቹን የሚሸከመው እንጨት) ይሰምጣል፣ ክሮቹ አብረው ይወርዳሉ። ከበሮ ሲሞቅ አይተው ክራርንም የሚያሞቁ አሉ። ክራር ግን ሲሞቅም ብርኩማውና ክሩ እየተጫኑት ነው። እርጥብ ቆዳ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ በማይመለስ ሁኔታ ይኮማተራል፣ ይደርቃል፣ ጠርዙ ላይ ይቀደዳል። የሚሻለው ማታ ክሮቹን አንድ ድምፅ ያህል አላልቶ፣ ከመስኮት ርቆ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ መስቀል ነው። ፌስታል ውስጥ መጠቅለል እርጥበቱን ያፍነዋል። በበጋ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ቆዳው ሲወጠር የክሩ ድምፅ ከፍ ይላልና ሳይጫወቱበት ለብዙ ቀን ሲያስቀምጡት ያላሉት።

ብርኩማው ቆዳውን መብላት ከጀመረ ከእግሩ ሥር 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ስስ ቆዳ ያስገቡ። ከተቀደደ በኋላ ግን መለጠፍ ድካም ነው። የፍየል ቆዳ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ነክረው፣ ትይዩ ጎኖቹን በየተራ እየሳቡ በጠፈር ይወጥሩት፣ ጥላ ሥር ከ3 እስከ 5 ቀን ያድርቁት። በመጀመሪያው ቀን ክሮቹን ግማሽ ድረስ ብቻ ይወጥሩ።