ስለ ማረጥና ስለ ቅጠላ ቅጠል የሚወራውና እውነታው

አራዳ ገበያ ቅመም ተራ ገብታችሁ «ሙቀት ሙቀት ይለኛል፣ ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል» በሉ። ሻጯ ሦስት ዓይነት ዱቄት ታነሳለች። አንዱን በቡና ሲኒ ሰፍራ ፌስታል ውስጥ ትቋጥርና «በባዶ ሆድ ነው እታለም፣ ትመርቂኛለሽ» ትላለች። ጎረቤት ሌላ ይጨምራል፣ አሜሪካ ያለች እህት ደግሞ ክኒን በጠርሙስ ትልካለች። ምክር አይጠፋም እኮ፣ የምክሩ ግማሽ ግን ስህተት ነው።

«ምች ነው የመታሽ»

ሙቀቱ ድንገት ከደረት ተነስቶ ፊት ላይ ይወጣል። በጥር ብርድ ጋቢ ያስጥላል፣ በነጠላ ጫፍ ያራግባል፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በላብ ያልቃል፣ ከዚያ መልሶ ይበርዳል። ይሄ ምች አይደለም። እንቁልጢ (የሴቷ እንቁላል የሚመረትበት ክፍል) ኤስትሮጅን የሚባለውን ሆርሞን ማምረት ሲቀንስ፣ አንጎል ውስጥ ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ በትንሽ በትልቁ ይደነግጣል። አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይመጣል። የወር አበባ 12 ወር ሙሉ ሳይታይ ሲቀር ያን ጊዜ ማረጥ ይባላል። ዳማከሴ ማሽተት ክፋት የለውም፣ ኤስትሮጅን ግን አይመልስም።

በሌላ በኩል ደግሞ የሌሊት ላብ ሁሉ ማረጥ አይደለም። ላቡ ከሳልና ከመክሳት ጋር ከመጣ ሳንባ ነቀርሳ መመርመር ነው። ልብ የሚመታ፣ እጅ የሚንቀጠቀጥና የሚያከሳ ከሆነ ደግሞ የእንቅርት ዕጢ ከልክ በላይ መሥራት ሊሆን ይችላል፣ በደም ምርመራ ይታወቃል። 40 ሳይሞላት የወር አበባዋ የቆመባት ሴትም «ተገላገልኩ» ብላ ዝም ማለት የለባትም። አጥንቷና ልቧ ያለ ጊዜያቸው ኤስትሮጅን አጥተዋልና ሐኪም ይያት።

«ቅጠል ነው፣ ምን ይጎዳል?»

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። የሚሠራ ነገር ሁሉ መጉዳትም ይችላል፣ ቅጠልም ቢሆን። አንድ ዘለላ ጤና አዳም ቡና ላይ ጣል ማድረግ ሌላ፣ እፍኝ ሙሉ ቀቅሎ በብርጭቆ መጠጣት ሌላ። በብዛት ሲወሰድ ሆድ ያቃጥላል፣ ጉበትና ኩላሊትም ይጎዳል። አብሽ የደም ስኳርን ዝቅ ያደርጋል። ጥሩ ነው፣ ግን የስኳር መድኃኒት የምትወስድ ሴት በላዩ ላይ በየቀኑ በማንኪያ ዱቄቱን ከጨመረችበት ስኳሯ ከልክ በላይ ወርዶ ልትወድቅ ትችላለች። የልብ ቫልቭ ታማ ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የምትውጥ ደግሞ ምንም ዓይነት ዱቄትም ሆነ ክኒን ከመጀመሯ በፊት ሐኪሟን ትጠይቅ፣ ምክንያቱም የደሟ መቅጠን ልክ ከተዛባ ወይ ይፈሳል ወይ ይረጋል፣ ሁለቱም መጥፎ ነው።

ከውጭ የሚላከው ብላክ ኮሆሽም ሥር ነው፣ የሰሜን አሜሪካ ተክል። የወሰዱ አንዳንድ ሴቶች ላይ የጉበት ጉዳት ታይቷል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ባይሆንም ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንት ከጠቆረ ያኔውኑ ማቆም ነው።

«ከአሜሪካ የመጣ ነው፣ ተፈትኗል»

አልተፈተነም። እዚያ ከፈረንጆቹ 1994 ጀምሮ ባለው ሕግ የዕፅዋት ክኒን አምራች እንደ መድኃኒት ፋብሪካ ከሽያጭ በፊት ፈዋሽነቱን ማስረዳት አይጠበቅበትም። ብላክ ኮሆሽን ራሱን እንይ። በፈረንጆቹ 2012 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት ገምጋሚዎች ከ2,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸውን 16 ጥናቶች ሰብስበው አዩና ይሠራል ለማለት የሚበቃ ማስረጃ አላገኙም።

«እኔ ጠጥቼ ለቀቀኝ»

አምናታለሁ፣ አልዋሸችም። ግን በእንዲህ ዓይነት ጥናቶች ውስጥ ምንም የሌለበት ባዶ ክኒን የተሰጣቸው ሴቶችም ሙቀታቸው ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 50 በመቶ ይቀንሳል። ሙቀቱ ራሱ መጣ ሄድ የሚል ነገር ነው። ክፉ በሆነበት ሰሞን ዱቄት ትጀምሪያለሽ፣ በራሱ ጊዜ ሲረግብ ምስጋናው ለዱቄቱ ይሆናል።

«ተልባና አኩሪ አተር ሆርሞን ይተካሉ»

አይተኩም። ኤስትሮጅንን በመጠኑ የሚመስል ነገር ግን አላቸው፣ ወሬውም ከዚህ የተነሳ ነው። አኩሪ አተር አንዳንድ ሴቶችን ትንሽ ያግዛል። ተልባ ግን ከባዶው ጋር ሲወዳደር ብልጫ አላሳየም። በጾም የምትጠጡትን ተልባ ተዉ ማለቴ አይደለም፣ ለሆድ ድርቀት ጥሩ ነው። የእንቅርት ክኒን የምትወስዱ ግን አኩሪ አተሩን ከክኒኑ ሰዓታት አርቁት፣ ክኒኑ ሰውነት ውስጥ በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል።

«የሐኪሙ ሆርሞን ካንሰር ነው»

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይታወቃል። በፈረንጆቹ 2002 አሜሪካ ውስጥ ላረጡ ሴቶች ኤስትሮጅንን የሚተካ ሆርሞን የተሰጠበት አንድ ትልቅ ጥናት የጡት ካንሰር ጨመረ ተብሎ በመሃል ተቋረጠ። ጭማሪው በዓመት ከ10,000 ሴቶች 8 ነበር፣ የሴቶቹ አማካይ ዕድሜም 63። ዛሬ ሐኪሞች 60 ላልሞላት ወይም ካረጠች 10 ዓመት ላላለፋት ጤነኛ ሴት፣ ሙቀቱ ካስቸገራት፣ ጥቅሙ ያመዝናል ይላሉ። የጡት ካንሰር ወይም የደም መርጋት ታሪክ ያለባት ግን አይሰጣትም። ሆርሞን የሌለባቸው መድኃኒቶችም አሉ። የማህፀን ሐኪም ጋ ስትሄዱ የምትጠጡትን ሁሉ ንገሩ። «ባህል መድኃኒት ይቆጣሉ» ብሎ መደበቅ ጣጣው ለራስ ነው።

«ደም ተመልሶ መጣልኝ፣ ቅጠሉ ሠራ»

አይደለም! ዓመት ሙሉ ከቆመ በኋላ ጠብታም ቢሆን ደም ከታየ የወጣትነት መመለስ አይደለም። ብዙ ጊዜ ቀላል ነገር ነው፣ አንዳንዴ ግን የማህፀን ካንሰር የመጀመሪያ ምልክት ይሆናል። ደም የሚያቆም ቅጠል ፍለጋ ሳይዞሩ በዚያው ሳምንት ምርመራ ይኬዳል።