«ስለ ምን ትመታኛለህ?» በሰልፍ ቀን ለቆመ ፖሊስ እና ለእኛ ለወገኖቹ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በዮርዳኖስ ዳር መጥምቁ ዮሐንስን «ምን እናድርግ?» ብለው ከጠየቁት መካከል የታጠቁ ሰዎችም ነበሩ። መልሱን ሉቃስ በምዕራፍ 3 ቁጥር 14 ጽፎልናል፦ «በማንም ግፍ አትሥሩ፥ ማንንም በሐሰት አትክሰሱ፥ ደመወዛችሁም ይብቃችሁ።» መሣሪያችሁን ጣሉ አላላቸውም። ሥራችሁን ትታችሁ በረሃ ግቡም አላላቸውም። እዚያው ሥራቸው ላይ ሆነው የሚድኑበትን ነገራቸው። በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅ፣ በወልድያ ከእኛ ጋር የሚያስቀድሱ፣ ልጆቻቸውን ከልጆቻችን ጋር የሚያስጠምቁ ብዙ ፖሊሶች አሉ። ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ከመሐል አንዱ ሕግ ሲጥስ ምን ቢያደርጉ እግዚአብሔር ደስ እንደሚለው ከመድረካችን ሲነገራቸው ግን እምብዛም አልሰማሁም። እኛ ዝም ካልን በዚያች ሰዓት የሚሰሙት የአለቃቸውን ትእዛዝና የገዛ ንዴታቸውን ብቻ ነው።

ሕግ ሲጣስ ቆሞ ማየት ጽድቅ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ 13 ስለ ባለ ሥልጣን ሲናገር «በከንቱ ሰይፍ አይታጠቅምና» ይላል። የአንዲት እናት ሱቅ ሲዘረፍ፣ ሰው ያለበት ቤት ሊቃጠል ክብሪት ሲጫር፣ አንዱ «የእነ እገሌ ወገን ነው» ተብሎ በብዙ ሰው እጅ ሲቀጠቀጥ እጁን አጣጥፎ የሚያይ ፖሊስ ስለዚያ ደም ይጠየቅበታል። ራሱ ጳውሎስ ከሞት የተረፈው በወታደር እጅ ነው። የሐዋርያት ሥራን ምዕራፍ 21 ክፈቱት። በኢየሩሳሌም ሕዝቡ ከመቅደስ ጎትቶ አውጥቶ ሊገድለው ሲደበድበው ወሬው ለሻለቃው ለቀላውዴዎስ ሉስዮስ ደረሰ። ሻለቃውም ወታደሮቹን ከመቶ አለቆቹ ጋር ይዞ ሮጠ። ሕዝቡም ሻለቃውንና ወታደሮቹን ባየ ጊዜ ጳውሎስን መምታቱን ተወ። አንድ ጦር አልተወረወረም፣ አንድ ሰው አልሞተም። ፈጥኖ መድረሱ ብቻ በቃ።

ያው ሻለቃ ግን ወዲያው ተሳሳተ። ጳውሎስን ዐመፅ ያስነሣ አንድ ግብፃዊ መሰለው፤ ኋላም ሕዝቡ ለምን እንደሚጮኽበት ለማወቅ «እየገረፋችሁ መርምሩት» ብሎ አዘዘ። ጳውሎስ በጠፍር ታስሮ ሳለ በአጠገቡ የቆመውን የመቶ አለቃ የሮሜን ሰው ያለ ፍርድ መግረፍ ተፈቅዶላችኋልን ብሎ ጠየቀው። ይህን ሲሰሙ ሊገርፉት የነበሩት ሸሹ፣ ሻለቃውም ፈራ። በማግስቱ ሰውየውን ወደ ሸንጎ አቀረበው። ከአርባ የሚበልጡ ሰዎች ሊገድሉት እንደ ተማማሉ በሰማ ጊዜ ደግሞ 200 ወታደሮች፣ 70 ፈረሰኞችና 200 ባለ ጦሮች መድቦ በሌሊት ወደ ቂሣርያ አሻገረው። ተከሳሹን ከሕዝቡ ቁጣ አውጥቶ ለዳኛ አደረሰ። ከዚህ አረማዊ ሻለቃ ክርስቲያን ፖሊስ ሁለቱንም ይማር፣ ያዳነበትን ፍጥነትም፣ በጅራፍ ለመመርመር የቸኮለበትን ስሕተትም።

የወሎ ሰው «በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል» ሲል ያዘነበትን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። አፈሳ የሚባለው ይህ ነው። አንድ ልጅ ከፒያሳ ጥግ ድንጋይ ወርውሮ በቅያሱ ይገባል፤ ፖሊሱ ሲዞር የሚያገኘው ዳቦ ገዝታ የምትመለስ እናት፣ ጫማ የሚጠርግ ልጅ፣ ታክሲ የሚጠብቅ ሽማግሌ ነው። የወረወረው አምልጧል፤ የተጫኑት የቆሙት ናቸው። አብርሃም በዘፍጥረት 18 በእግዚአብሔር ፊት ቆሞ «በውኑ ጻድቁን ከኃጢአተኛ ጋር ታጠፋለህን?» ብሎ ከኀምሳ ጀምሮ እስከ ዐሥር ሲለምን፣ የሰማይና የምድር ዳኛ አልተቆጣም፤ እስከ መጨረሻው ሰማው። እግዚአብሔር ለሰዶም ይህን ያህል ከታገሠ፣ ለሰኞ ገበያ ሰው የማይታገሥ መለዮ ከየት መጣ? ወንድሜ፣ ጥፋተኛውን ዛሬ መለየት ካልቻልህ መልኩንና ልብሱን አስታውስ፣ መዝግብ፤ ነገ በፍርድ ቤት ማዘዣ ቤቱ ድረስ ትሄዳለህ። ደሴ ውስጥ ማን የማን ልጅ እንደ ሆነ ይታወቃል፤ ወዴትም አይጠፋም። በጥይት የሄደች ነፍስ ግን በማዘዣ አትመለስም።

ከአፈሳው ጀርባ የሚመጣውንም ልንገራችሁ፣ መጥምቁ «ደመወዛችሁ ይብቃችሁ» ያለው ያለ ነገር አይደለምና። ያለ ጥፋቱ የታሰረ ልጅ ያላት እናት ለማስፈታት ያላትን ትሸጣለች። ይህን ገንዘብ የተቀበለ ሰው ለቤቱ የሚያስገባው የእናት እንባ ነው፤ በዚያ ብር ሻማ ገዝቶ ቢያበራ እግዚአብሔር አይቀበለውም።

በእኛው አገር የሆነውን አንርሳ። ጥር 12 ቀን 2010 ዓ.ም. በወልድያ፣ በቃና ዘገሊላ፣ ታቦት አጅበው የወጡ ወጣቶችና የጸጥታ ኃይሎች ተጋጩ፤ ጥይት ተተኮሰ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ጽሕፈት ቤት በወቅቱ 7 ሰዎች እንደ ሞቱ መነገሩን ጠቅሶ የተወሰደው የኃይል እርምጃ እጅግ እንዳሳሰበው ገለጸ። ነጭ ለብሶ ለበረከት የወጣ ሰው በነጠላው ተገንዞ ተመለሰ። ሁከቱስ በጥይት ቆመ? አልቆመም። በቀጣዮቹ ቀናት ቁጣው ቆቦና መርሳ ደረሰ፤ ቤት ተቃጠለ፣ ንብረት ወደመ፣ ሌላም ሰው ሞተ። በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ በደቡብ ወሎ በገርባ በፖሊስና በሙስሊም ወንድሞቻችን መካከል በተፈጠረው ግጭትም ሰላማዊ ሰዎች ሞተዋል፣ ፖሊስም ሞቷል። የፖሊሱም እናት የወሎ እናት ናት፤ ለእርሱም ሙሾ ተወርዷል። መስከረም 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የኢሬቻ በዓል ላይ አስለቃሽ ጭስ ሲተኮስ ሕዝቡ መውጫ አጥቶ እየተረጋገጠ፣ ገደል እየገባ ከ50 በላይ ሰው አለቀ። ስለዚህ ጭስም ቢሆን ሕዝቡ የሚሸሽበትን መንገድ ሳያዩ የሚተኮስ ነገር አይደለም። የጥምቀት ባሕር ዳር ቆማችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሕፃን ያዘለች እናት በዚያ ግፊያ ውስጥ ወዴት ትሮጣለች?

አሁን ልቤን ወደያዘው ቃል ልምጣ። ጌታችን በሐና ፊት ታስሮ ቆሟል። ስለ ትምህርቱ ጠየቁት፣ በግልጥ ተናግሬአለሁ፣ የሰሙኝን ጠይቁ ብሎ መለሰ። ያን ጊዜ በአጠገቡ ከቆሙት ሎሌዎች አንዱ «ለሊቀ ካህናቱ እንዲህ ትመልሳለህን?» ብሎ በጥፊ መታው። ዮሐንስ 18 ቁጥር 23 ላይ መልሱ እንዲህ ነው፦ «ክፉ ተናግሬ እንደ ሆንሁ ስለ ክፉ መስክር፤ መልካም ተናግሬ እንደ ሆንሁ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ?» የመታው ሰው እንደ ዛሬው አጠራር ጠባቂ ነው። በሥራ ላይ ነው። አለቃው ፊት ነው። ያስቆጣውም አለቃው የተደፈረ ስለ መሰለው ነው። የተመታው ደግሞ እጁ የታሰረ ነው። ጌታ ጠባቂውን አልረገመውም፤ ሕጉን አስታወሰው። ጥፋት ካለ ምስክር ሁንና በዳኛ ፊት ተናገር፣ ጥፋት ከሌለ እጅህን ሰብስብ አለው። የፖሊስ ሥራ ከዚህ ቃል አይወጣም፦ መያዝ፣ መመስከር፣ ለዳኛ ማቅረብ። መቅጣት የዳኛ ነው።

አባቶቻችን በትርጓሜያቸው ያ የመታው ሰው ጌታ ከሠላሳ ስምንት ዓመት ደዌ ያነሣው መጻጉዕ ነው ይሉናል። ያችን የመታችውን እጅ ያዘረጋት ጌታ ራሱ ነበር። በስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ከምትቆጥራቸው ከ13ቱ ሕማማተ መስቀል መካከል ደግሞ እነዚህን ልብ በሉልኝ፦ እጁን ወደ ኋላ መታሰሩ፣ በገመድ መጎተቱ፣ በምድር ላይ መውደቁ፣ በእግር መረገጡ፣ በጥፊ መመታቱ፣ ራሱን በዘንግ መመታቱ። ሰው በቁጥጥር ሥር ከዋለ በኋላ የሚደርስበት ሁሉ አለበት። ዓመት ጠብቀን ግንባራችን እስኪላጥ የምንሰግድለት ሕማም ይህ ነው። እንግዲህ በስቅለት ለዚህ ሕማም የሰገደ ክርስቲያን፣ በሰልፍ ማግስት እጁ የፊጥኝ የታሰረን ልጅ ከፒክአፕ ላይ በካልቾ ሊያወርድ እንዴት እግሩ ይነሣለታል? ልጁ ድንጋይ ወርውሮ ሊሆን ይችላል። እናትህን ሰድቦም ይሆናል፤ ከንጋት ጀምሮ ምሳ ሳትቀምስ በፀሐይ ላይ ቆመህ፣ የራስ ቁርህ ላይ ድንጋይ እየጮኸ፣ ይህን መታገሥ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ግን አንዴ እጁን ከያዝኸው ነገሩ አልቋል። ከዚያ በኋላ የምታሳርፍበት ዱላ ሕግ ማስከበር አይባልም፤ በቀል ነው፣ በቀልን ደግሞ እግዚአብሔር ለራሱ አድርጎታል።

የአገሩም ሕግ ከዚህ አይርቅም፣ ስለዚህ ሕጉን የሚያከብር ፖሊስ ከወንጌሉ ጋር አይጣላም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 መሣሪያ ሳይዙ በሰላም የመሰብሰብንና ሰልፍ የማድረግን መብት ያውቃል፤ አዋጅ ቁጥር 3/1983 ደግሞ ሰልፍ ጠሪዎች ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቁ ያዝዛል። አላሳወቁም እንበል፤ ጠሪዎቹ በሕግ ይጠየቁበት፣ በእጁ ወረቀት ብቻ ይዞ የቆመውን ግን የሚያስመታ ምክንያት አይሆንም። በ1990 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሃቫና የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት መርሕ ሕገ ወጥ ግን ሰላማዊ የሆነን ሰልፍ በተቻለ መጠን ያለ ኃይል መበተን እንደሚገባ፣ ጥይትም የሰውን ሕይወት ወይም አካል ከቀረበ አደጋ ለማዳን ሌላ መንገድ ሲጠፋ፣ ያውም አስጠንቅቆ ብቻ እንደሚተኮስ ይናገራል። የቆሰለ ካለም ማንም ይሁን ማን ሕክምና ይደረስለታል። የተያዘ ሰው ለምን እንደ ተያዘ በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። አንቀጽ 21 ደግሞ ቤተሰቡና የሃይማኖት አማካሪው ሊጎበኙት እንደሚችሉ ይደነግጋል። ካህናት አባቶቼ፣ ይህ የእናንተም መብት ነው፤ «ታስሬ ወደ እኔ መጥታችኋል» የሚለውን ቃል በእስር ቤቱ በር ላይ ፈጽሙት። የታሰረው ሙስሊም ከሆነ ደግሞ ሼኹን ይዛችሁ ሂዱ፤ በወሎ ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

«ታዝዤ ነው» የሚለው መልስስ? ሳኦል ተቆጥቶ የኖብን ካህናት ግደሉ ብሎ በአጠገቡ ለቆሙ ዘበኞች ሲያዝዝ፣ ዘበኞቹ እጃቸውን አልዘረጉም፤ 1ኛ ሳሙኤል 22 ቁጥር 17 ነው። ታጣቂዎች ናቸው፣ ንጉሣቸው ፊት ቆመዋል፣ ግን እንቢ አሉ። የኤዶማዊው ዶይቅ እጅ ተነሣች፣ 85 ካህናት ወደቁ። የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 74 ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ የፈጸመን ሰው ራሱን ይጠይቃል። በቅዱሱ ዙፋን ፊት ደግሞ አለቃህ ከጎንህ ቆሞ አይከራከርልህም። መሣሪያ ባልያዘ ሰው ላይ አልተኩስም ማለት ክህደት አይደለም፤ አለቃህንም ከደም ዕዳ ታተርፈዋለህ።

ለሰልፍ የምትወጡ ልጆቼ፣ ዘፀአት 23 «ክፉን ለማድረግ ብዙ ሰዎችን አትከተል» ይላል። ፊታችሁን ሸፍናችሁ አትውጡ፤ ጥያቄያችሁ እውነት ከሆነ ፊታችሁ ለምን ይደበቃል? የፖሊሱን እናት አትስደቡ፣ ብሔሩን አታንሡ። በመካከላችሁ ድንጋይ ያነሣውን ፖሊስ ሳይደርስ እናንተ አስጥሉት። በኤፌሶን ሁለት ሰዓት ሙሉ የጮኸውን ሕዝብ ያበረደው ጦር አልነበረም፣ የከተማይቱ ጸሐፊ ነው፤ ክስ ያለው ወደ ችሎት ይሂድ ብሎ ተናግሮ ጉባኤውን በተነ። እኛም አበጋሮች አሉን፤ በደቡብ ወሎ ነፍስ የጠፋበትን ጠብ ሳይቀር ክርስቲያንና ሙስሊም ሽማግሌዎች አብረው ተቀምጠው የሚያበርዱበት ሥርዓት። ከሰልፍ በፊት እነዚህን ሽማግሌዎች ከፖሊስ አዛዡና ከወጣቶቹ ጋር ማስቀመጥ፣ በዕለቱም በሁለቱ መካከል ማቆም የሚከብድ ነገር አይደለም። ፖሊሱም ወጣቱም ያዳምጧቸዋል። በጥምቀት የሰንበት ተማሪዎቻችን እጅ ለእጅ ተያይዘው ለታቦቱ መንገድ እንደሚጠብቁ፣ ለጎረቤት ሱቅና ለፖሊሱም ቢሆን በዚያው መንገድ መቆም ይችላሉ።

የንስሐ አባቶች ሆይ፣ አንድ ልመና አለኝ። መለዮ ለባሽ የንስሐ ልጅ ካላችሁ ስለ ጾሙና ስለ ጸሎቱ ስትጠይቁት ስለ እጁም ጠይቁት። የታሰረ ሰው መታህ ወይ በሉት። ያላየኸውን አየሁ ብለህ ቃል ሰጠህ ወይ? ለማስፈታት ብር ተቀበልህ ወይ? መጥምቁ የጠየቃቸው እነዚህኑ ነው። አዎ ካለ ቀኖናው በስግደት ብቻ አይለቅ፤ የተቀበለውን ይመልስ፣ በሐሰት የመሰከረበትን መዝገብ ያቅና፣ የመታውን ልጅ ቤቱ ድረስ ሄዶ ይቅር በለኝ ይበለው፤ ከሄደም ብቻውን አይሂድ፣ እናንተ አብራችሁት ሂዱ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።