በድሮ ቮልስ ላይ በእጅ የሚሠራ መብራት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቮልስ የሚወድ ሰው አንድ ቀን የድሮ አምፖሎቿን አውጥቶ መብራቷን በኤልኢዲ (ጥቂት ከረንት በሚስብ ትንሽ የኤሌክትሮኒክ መብራት) በገዛ እጁ ማሻሻል ያምረዋል። እኔም አምሮኝ ጀመርኩ፤ እስካሁን ደስ ይለኛል። ግን ሰፈር ውስጥ የሚነገሩ አንዳንድ ነገሮች ሽቦ ያቃጥላሉ።

«ባትሪው 12 ቮልት ነው፣ ነጭ ኤልኢዲ 3 ቮልት ይፈልጋል። አራቱን በተርታ ማገናኘት በቃ።»

ሞተሩ ሲሠራ ቮልቴጁ እስከ 14.4 ይደርሳል። ኤልኢዲ ደግሞ ቮልቴጅ ትንሽ ሲጨምርበት ከረንቱ በጣም ይጨምራል። ስለዚህ ሦስት ብቻ ደርድሩና ሬዚስተር (ከረንት የሚገድብ ዕቃ) ጨምሩ። እያንዳንዱ 3.2፣ ሦስቱ 9.6 ቮልት ገደማ ይወስዳሉ፤ ከ14.4 ላይ 4.8 ይተርፋል። ለ20 ሚሊአምፒር ከረንት የ240 ኦም ሬዚስተር ይበቃል። እኔ 330 ነው የማስገባው፤ ብርሃኑ ትንሽ ቢቀንስም ዕድሜው ይረዝማል። መጀመሪያ ግን ባትሪውን ለኩ። ብዙ የ1950ዎቹ ቮልሶች 6 ቮልት ናቸው፤ ይህ ስሌት ለእነሱ አይሆንም።

«ኤልኢዲ ሳስገባ ፍሬቻው መብለጭለጭ አቆመ፤ ኤልኢዲው ተበላሽቷል።»

አልተበላሸም። የድሮው ፍላሸር (ፍሬቻውን የሚያብለጨልጨው ዕቃ) የሚሠራው ውስጡ ያለው ብረት በአምፖሎቹ ከረንት ሲግል ነው። ኤልኢዲ የሚስበው ጥቂት ስለሆነ ብረቱ አይግልም። ለኤልኢዲ የተሠራ ኤሌክትሮኒክ ፍላሸር ቀይሩ።

«ለፍሬን መብራት ነጭ ኤልኢዲ ይሻላል፣ ይደምቃል።»

ቀዩ ሽፋን የሚያሳልፈው ቀይ ብርሃን ብቻ ነው። ነጭ ኤልኢዲ ውስጥ ቀይ ጥቂት ነው። ቀይ ኤልኢዲ አስገቡ።

«ፊውዝ አለው፣ ዕቃዬ አይቃጠልም።»

ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ስለዚህ ቦታው ከዕቃው አጠገብ ሳይሆን ከባትሪው አጠገብ ነው። በቮልስ ይሄ በጣም ያሳስበኛል፤ ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው። ከባድ ሰው ሲቀመጥ የመቀመጫው ሞላ የባትሪውን ራስ ከነካ እሳት ይነሳል። አዲስ ሽቦ ስትስቡ የባትሪውን ክዳን መልሳችሁ መግጠም እንዳትረሱ።

«የፊት መብራት ኤልኢዲ ከሆነ ሩቅ ያሳያል።»

አንጸባራቂው የተሠራው ለአምፖሉ ክር ነው። ብርሃኑ ከሌላ ቦታ ሲወጣ ይበተናል፤ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ያሳውረዋል። እዚህ ላይ አልከራከርም፤ አምፖሉን ተዉት። ከቀየራችሁ ግን ማታ መኪናዋን ከግድግዳ ፊት አቁሟትና አጭሩን መብራት አብሩ። ብርሃኑ ከላይ ጥርት ባለ መስመር ካልተቆረጠ፣ ኤልኢዲውን ያንኑ ማታ አውጡት።