የዓይን ሥር ጥቁረትና ክሬሙ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዲስ አበባ ዳር፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ ወይም ቦሌ አራብሳ የሚኖር ሠራተኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ለትራንስፖርት ይሰለፋል። ማታ ከመኪና ሲወርድ መሽቷል። ፋርማሲ ጎራ የሚለውም ያኔ ነው፤ ጥያቄውም እንደ ጊዜው አጭር ነው፦ «ይቺን የዓይን ሥር ጥቁረት የምታጠፋ ክሬም አለቻችሁ?» ክሬሙስ አለ። የሚያስቸግረው ደንበኛው አብሮት ይዞ የሚመጣው እምነት ነው። ከባንኮኒው ወዲህ ሆነን በየቀኑ ከምንሰማቸው ጥቂቶቹ እነሆ።

«እንቅልፍ ስላጣሁ ነው፤ አንድ እሑድ ብተኛ ይለቃል።»

እንቅልፍ ማጣት ፊትን ያገረጣል፣ የዓይን ቆብን ያሳብጣል፤ ስለዚህ የነበረውን ጥቁረት ያጎላዋል። ከባዶ የሚፈጥረው ግን እምብዛም ነው። ጠግበው ተኝተው የሚነሱ፣ ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ዓይናቸው ሥር ጠቆር ያለ ሰዎች ሞልተዋል፤ እናታቸውን ወይም አባታቸውን ብታዩ ያው ነው።

ዋናው ቁም ነገር ጥቁረቱ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። በቀን ብርሃን መስታወት ፊት ቁሙና ከዓይን ሥር ያለውን ቆዳ በጣት ቀስ አድርጋችሁ ወደ ጎን ሳብ አድርጉት። ቡናማው ቀለም ከቆዳው ጋር አብሮ ከሄደና ካልተለወጠ፣ ቆዳው ውስጥ የበዛ ሜላኒን (ለቆዳ ቀለሙን የሚሰጠው ንጥረ ነገር) ነው። ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላና ሲሳብ ብሶበት የሚታይ ከሆነ፣ በስሱ ቆዳ በኩል የሚታዩት የደም ሥሮች ናቸው፤ የዓይን ቆብ ቆዳ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ፊታችሁን ወደ ብርሃኑ ቀና ስታደርጉ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ቀለም ሳይሆን ጥላ ነው፤ ከዓይን ሥር ያለው ስፍራ ጎድጉዷል ማለት ነው። ሁለቱ ወይም ሦስቱም ተደርበው የሚገኙበት ሰው ብዙ ነው። ምርመራን አይተካም፤ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ግን ይህን ማየት ያዋጣል።

«ውዱ ክሬም ሁሉንም ያጠፋል።»

ዋጋው ሳይሆን ከማሸጊያው ጀርባ የተጻፈው ዝርዝር ነው የሚነበበው። ካፌይን ያለበት ክሬም የደም ሥሮችን ያጠባል፣ የጠዋት እብጠትንም ቀነስ ያደርጋል፤ ግን ለሰዓታት ነው፣ ነገ እንደገና መቀባት ነው። (ይህን የሰማች አንዲት ደንበኛ «ታዲያ በረካውን ለምን እቀራለሁ?» ብላ አስቃናለች። የተጠጣ ቡና እንቅልፍ ይነሳል እንጂ የዓይን ሥርን አያቀላም።) ለሜላኒን ቫይታሚን ሲ እና ኒያሲናማይድ ያለባቸው ይሻላሉ፤ ያውም ያደበዝዛሉ እንጂ ደምስሰው አያጠፉም። ሬቲኖል (የቫይታሚን ኤ ዓይነት) ቆዳን አጠንክሮ የሚይዘውን ኮላጅን እያበረታታ ስሱን ቆዳ ቀስ በቀስ ያጠነክራል። የሚቀባው ማታ ነው፤ ሲጀመር በሳምንት ሁለት ሌሊት ይበቃል፣ አለዚያ ይቆጠቁጣል፣ ይልጣል። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ግን አትቀባው።

ለጎድጓዳው ጥላ የሚሆን ክሬም የለም። በዱቤም ሆነ በካሽ የተገዛ ክሬም ጉድጓድ አይሞላም። ያንን የሚሞላው በሐኪም እጅ የሚወጋ ፊለር ነው፤ ለሠርግና ለፎቶ ከሆነ ደግሞ ኮንሲለር (ጥቁረቱን የሚሸፍን የመዋቢያ ቅባት) ይበቃል።

«በሳምንት ካላሳየ ዋጋ የለውም።»

እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል፤ ጉዳት የሚመጣው በዚህ በር ነው። የላይኛው ቆዳ ራሱን ለመተካት አራት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ቫይታሚን ሲም ሆነ ሬቲኖል በየጊዜው ሳይቋረጥ ተቀብቶ እስከ 12 ሳምንት ድረስ መጠበቅ የወጉ ነው። በሦስት ቀን ፊትን ያበራ ክሬም ካጋጠማችሁ ከመደሰት በፊት ምን እንዳለበት ጠይቁ።

በየኮስሞቲክስ ቤቱ ስም በሌለው ዕቃ ተቀላቅለው የሚሸጡ የቆዳ ማቅያዎች ውስጥ እንደ ክሎቤታዞል እና ቤታሜታዞን ያሉ፣ የቆዳ ቁጣን የሚያበርዱ ጠንካራ ስቴሮይዶች ሊኖሩ ይችላሉ። መጀመሪያ ያቀላሉ፣ ያለሰልሳሉ። ቆይተው ግን ያንኑ ስስ ቆዳ ይበልጥ ያሳሳሉ፤ የደም ሥሩ ጭራሽ ይወጣል። ዓይን አጠገብ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡ የዓይን ግፊትን ሊጨምሩና ግላኮማ ወይም የዓይን ሞራ ሊያመጡ ይችላሉ። ሃይድሮኪኖን የተባለው ማቅያ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ከተቀባ ለማስለቀቅ የሚያስቸግር ሰማያዊ ጥቁረት ሊተው ይችላል። ሜርኩሪ ያለባቸው ማቅያዎች ኩላሊትን ይጎዳሉ፤ ሜርኩሪን ለመቆጣጠር የተደረገው የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነትም ይከለክላቸዋል። አምራቹ፣ ይዘቱና የሚያበቃበት ቀን ያልተጻፈበትን ዕቃ «ከዱባይ የመጣ ኦርጅናል ነው» ስለተባለ ብቻ ዓይናችሁ ሥር አታድርጉት። የታወቀውንም ቢሆን መጀመሪያ ክንድ ላይ ቀብቶ ለጥቂት ቀን ማየት ይበጃል።

«አቧራው ነው ያጠቆረኝ።»

ግማሽ እውነት አለበት። አስፋልት ያልደረሰበት የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የማያልቅ ግንባታ፣ ቀኑን ሙሉ የሚመላለስ ገልባጭ መኪና፣ በዚያ ላይ የሰፈሩ ጭስ፤ ዓይን ቢቆጣ አይገርምም። ይሁንና አቧራው በውኃ ታጥቦ ይሄዳል። የሚያጠቁረው እጃችን ነው። ሲያሳክክ በመዳፍ ጀርባ ማሸት፣ በነጠላ ጫፍ መጥረግ፣ እንደገና ማሸት። የተቆጣ ቆዳ ሜላኒን ያመርታል፤ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ምልክቱ ለወራት ይቆያል። ማታ ኩልን አጥብቆ ፍቆ ማስለቀቅም ከዚሁ ይቆጠራል። (አንዳንድ ኩል ውስጥ እርሳስ የተባለው ማዕድን መገኘቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ በተለይ ለሕፃን አይሁን።)

በእኔ ግምት በእኛ ሰፈር ከክሬሙ ይልቅ ማሳከኩን ማስታገስ ነው የሚቀድመው፦ ፊትን በንጹሕ ውኃ መታጠብ፣ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ማሳረፍ፣ ካልተወ በባለሙያ የታዘዘ የአለርጂ ጠብታ። ዓይኑን ማሸት የማይተው ልጅ ይዛ ለምትመጣ እናት ክሬም አልሸጥም። ወደ ዓይን ሐኪም ነው የምልካት፤ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና የታወቀ ነው።

«ጥቁር ነኝ፣ ደግሞም ደመና ነው፤ ሰንስክሪን ለምኔ?»

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ትጠጋለች፣ ሱሉልታ ከዚያም ከፍ ይላል። በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ስስ ደመናም አብዛኛውን ያሳልፈዋል። ጥቁር ቆዳ በቀላሉ አይቃጠልም እንጂ ይጠቁራል፣ የእኛም ጥያቄ ይኸው ጥቁረት ነው። ማታ ቫይታሚን ቀብቶ ቀን ያለ መከላከያ መውጣት ልፋቱን ከንቱ ያደርገዋል። የመከላከያ መጠኑ (ማሸጊያው ላይ SPF የሚለው) 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰንስክሪን በቂ ነው። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ዓይንን ብዙም አይቆጠቁጥም፤ ነጭ ሆኖ የሚያስቀይማችሁ ከሆነ ቀለም ያለውን ጠይቁ። ባርኔጣና መነጽርም ይቆጠራሉ።

«ሎሚ ይቀባ።»

አይቀባ። አሲድ ነው፤ ያቃጥላል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ራሱ ያጠቁራል። ኪያርና ድንችም ቢሆኑ ቅዝቃዜያቸው ነው የሚያስታግሰው።

«ኩላሊት ነው፤ ደም ማነስ ነው፤ አይ፣ ይሄ ልጅ ጫት ይቅማል።»

የኩላሊት ሕመም ዓይን አካባቢ የሚያሳየው ጥቁረት ሳይሆን እብጠት ነው፤ ጠዋት ጠዋት የሚብስ፣ አንዳንዴም አረፋ ከሚያወጣ ሽንትና ከእግር እብጠት ጋር የሚመጣ። ደም ማነስ ፊትን ስለሚያገረጣ ጥቁረቱን ያጎላዋል፤ ድካምና የልብ ምት መፍጠን ካለ የደም ምርመራ ነው መልሱ፣ በግምት የሚዋጥ አይረን አይደለም። ስለ ጫቱ፦ የሚቅም ሰው እንቅልፍ ያጣል፣ ፊቱም ይጎሳቆላል። ከአባቱ የወረሰውን ዓይን ይዞ የሚዞር ስንቱ ወጣት ግን በቤት አከራይና በአለቃ እንደሚጠረጠር እኛ ነን የምናውቀው፤ «እኔ እኮ አልቅምም» እያለ ነው ክሬም የሚጠይቀን።

በአንድ ዓይን በኩል ብቻ በድንገት የመጣ ጥቁረት፣ የሚያም እብጠት፣ ወይም ክሬም ከተቀባ በኋላ የደበዘዘ እይታ ካለ ቅባቱን አቁሞ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ለቆዳው አለርት ሆስፒታል አለ፤ ስትሄዱ የተቀባችሁትን ክሬም ከነማሸጊያው ያዙት።