የአርብ ማታው ፉክክር፦ ስለ አሜሪካ ሀይስኩል ፉትቦል የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል በአሜሪካ ሀይስኩሎች የፉትቦል ወቅት ይጀመራል። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ መግቢያ ድረስ፣ በብዙ ትንንሽ ከተሞች አርብ ማታ ሰው ሁሉ ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል። በዳላስ፣ በአትላንታ፣ በአሌክሳንድሪያ የምንኖር አበሾችም ወሬው ቤታችን ድረስ ገብቷል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ይዘውት ይመጣሉ። የሥራ ባልደረባ ሰኞ ጠዋት ያወራዋል። እኛም ቡና ላይ ስናነሳው በእርግጠኝነት የምንናገረው ነገር አለ። ብዙው ግን ልክ አይደለም። ጨዋታውንም፣ ጨዋታው የያዘውን ታሪክም ስለምወድ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ፉትቦል ስል በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትን፣ ሄልሜት የሚደረግበትን የአሜሪካውን ጨዋታ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ቴክሳስ አንደኛ ነው፣ አለቀ»

የቴክሳስ ፍቅር አያጠያይቅም። ከዳላስ በስተሰሜን ያለችው አለን ከተማ ለአንድ ሀይስኩል ብቻ 18,000 ሰው የሚይዝ ስታዲየም በ60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሠርታ በ2012 ከፈተች። ኮንክሪቱ ተሰነጣጥቆ በ2014 ተዘጋ፤ ተጠግኖ በ2015 እንደገና ሥራ ጀመረ። በ2013 አለን ከፐርላንድ ጋር ከዚያ በሚበልጥ ስታዲየም የፍጻሜ ጨዋታ ሲያደርግ 54,347 ሰው ገብቶ አይቷል። ብዙ አገር ብሔራዊ ቡድኑም ይህን ያህል ተመልካች አያገኝም።

ግን «አንደኛ» ያለው ማን ነው? በሀይስኩል ፉትቦል የአገር አቀፍ ሻምፒዮና የለም። እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ማኅበር አለው፤ ውድድሩም ስቴቱ ድንበር ላይ ያበቃል። አገር አቀፍ ፌዴሬሽን አለ፤ ሕግ ያወጣል እንጂ ዋንጫ አይሰጥም። ቴክሳስ ደግሞ በዚያ ሕግ እንኳ አይጫወትም፤ የኮሌጆቹን ሕግ ነው የሚከተለው። «የአሜሪካ ሻምፒዮን» እየተባለ የሚወራው ጋዜጦችና ድረ ገጾች በየሳምንቱ የሚያወጡት ደረጃ ነው። ደረጃ ደግሞ የሰው ግምት ነው።

«የቴክሳስ ሻምፒዮን ነን» የሚል ሰው ካጋጠማችሁም የትኛው ብላችሁ ጠይቁት። ትምህርት ቤቶቹ በተማሪ ብዛት በስድስት ደረጃ ይከፈላሉ፤ እያንዳንዱ ደረጃ ደግሞ ለሁለት። በዓመት 12 ሻምፒዮን ማለት ነው።

ስቴት ከስቴት የሚገናኝበት ጨዋታ ጥቂት ነው። ከነዚያ ሁሉ የ2004ቱን የሚረሳ የለም። የካሊፎርኒያው ደ ላ ሳል ከ1992 ጀምሮ 151 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ነበር። ወደ ሲያትል ሄዶ ቤልቪው በሚባል የዋሽንግተን ስቴት ትምህርት ቤት 39 ለ 20 ተሸነፈ። የፉትቦል አገር ሲቆጠር ዋሽንግተን ስቴትን የሚጠራ ብዙ ሰው አልነበረም። ያ አንድ ምሽት ስለ ሁለቱ ስቴቶች የሚያረጋግጠው ነገር የለም። በ12 ዓመት ያልተሸነፈን ቡድን ያሸነፉ ልጆች ግን ዕድሜ ልካቸውን ቢያወሩት ማን ይከለክላቸዋል? ለኔ የስቴት ጉራ ሁሌም የላላ ነው። ጠንካራው ፉክክር ጎረቤት ከጎረቤት ነው፤ እሱ በየዓመቱ ሜዳ ላይ ይፈታል።

«ይሄ ሁሉ የኤንኤፍኤል ማሞቂያ ነው»

ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው። ኤንኤፍኤል፣ የፕሮፌሽናሎቹ ሊግ፣ የተመሠረተው በ1920 ኦሃዮ ውስጥ፣ ካንተን ከተማ ነው። የካንተን ማኪንሊና የጎረቤቱ የማሲሎን ሀይስኩሎች ግን መጋጠም የጀመሩት በ1894 ነው። ከነሱ የቀደሙም አሉ። በማሳቹሴትስ ዌልስሊና ኒድሃም ከ1882 ጀምሮ ይጫወታሉ፤ ቀናቸው ታንክስጊቪንግ፣ የኅዳሩ የምስጋና በዓል፣ ነው። በኮኔቲከት የኒው ለንደንና የኖርዊች ፉክክር ከ1875 ጀምሮ ይቆጠራል። እነዚህ ከተሞች ከሊጉ በፊት ሲጋጠሙ ነበር፤ ሊጉ ባይኖርም ይጋጠማሉ።

ማሲሎንን ትንሽ ልቆይባት። የብረት ፋብሪካ ከተማ የነበረች፣ 30,000 ገደማ ሰው የሚኖርባት ናት። ስታዲየሟ የከተማውን ግማሽ ሕዝብ ይይዛል። ወንድ ልጅ ሲወለድ የደጋፊዎች ማኅበሩ ሆስፒታል ድረስ ትንሽ ኳስ ይልክለታል፤ ሕፃኑ አልጋ ላይ ትቀመጣለች። ስታዲየሙ የተሰየመበት ፖል ብራውን ከ1932 እስከ 1940 ትምህርት ቤቱን አሠልጥኗል። ከዚያ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲን ያዘ፤ በኋላም የክሊቭላንድ ብራውንስ የመጀመሪያው አሠልጣኝ ሆነ። የቡድኑ ስም ከሱ ስም የመጣ ነው። የሀይስኩሉ ሜዳ ለኤንኤፍኤል አሠልጣኝ እንዳበረከተ እዚህ ላይ ይታያል።

«ዋንጫ ያላነሳ ምን ይፎክራል?»

አሁንም ማሲሎን። ድሮ ሻምፒዮኑ በጋዜጠኞች ድምፅ በሚመረጥበት ዘመን ስሙ በተደጋጋሚ ተጠርቷል። ኦሃዮ በ1972 የጥሎ ማለፍ ውድድር ከጀመረች በኋላ ግን ፍጻሜውን አሸንፎ ዋንጫ ያነሳው ገና በ2023 ነው፤ ሆባን የሚባለውን ትምህርት ቤት 7 ለ 2 አሸንፎ። ከ50 ዓመት በላይ ጠብቋል ማለት ነው። በነዚያ ዓመታት ሁሉ ማኪንሊ ሲመጣ ስታዲየሙ ይሞላ ነበር።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሁለቱ ከተሞች በመኪና ሩብ ሰዓት ቢራራቁ ነው። በአንድ ፋብሪካ ይሠራሉ፣ አንድ ገበያ ይገበያያሉ፣ ይጋባሉ። የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊ በሆነ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ማስረጃ አያስፈልገውም። ያሸነፈው ወገን ዓመቱን ሙሉ በፀጉር ቤቱም በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍም ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። የተሸነፈው እስከ ሚቀጥለው ዓመት ይችላል እንጂ ምን ያደርጋል!

«ያሸንፋል የሚባለው ትልቅ ከተማና ትልቅ በጀት ያለው ነው»

በጀት እንደሚረዳ አልክድም። ግን ወደ ፍሎሪዳ፣ ወደ ኦኪቾቢ ሐይቅ ዳርቻ እንሂድ። ቤል ግሌድና ፓሆኪ የሚባሉ ሁለት ከተሞች አሉ። መሬቱ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ለም ነው። የሚበቅለው ሸንኮራ አገዳ ነው። ገንዘቡ ግን እዚያ ለሚኖረው ሰው አይተርፍም፤ ድህነቱ ከባድ ነው። ፓሆኪ ሕዝቧ 6,000 እንኳ አይሞላም። የሁለቱ ከተማ ሀይስኩሎች የሚያደርጉት ዓመታዊ ግጥሚያ በዚያ ጥቁር አፈር ስም «ማክ ቦል» ይባላል።

አገዳው ከመቆረጡ በፊት ማሳው ይቃጠላል፤ ቅጠሉ ነዶ አገዳው ብቻ እንዲቀር ነው። እሳቱ ሲነሳ ጥንቸሎቹ ከማሳው ወጥተው ይፈተለካሉ። የሰፈሩ ልጆች ዳር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ጭሱ ውስጥ እየሮጡ በእጃቸው ይይዟቸዋል። ገሚሱ ይበላል፣ ገሚሱ ይሸጣል። ጥንቸል ቀጥ ብላ አትሮጥም፤ በየሁለት ርምጃው ትታጠፋለች። እሷን አባሮ የሚይዝ ልጅ ሜዳ ላይ ምን ዓይነት እግር እንደሚኖረው አስቡት።

ከዚያ የወጡትን እዩ። ከፓሆኪ ሪኪ ጃክሰን በ2010 ወደ ፕሮ ፉትቦል የክብር አዳራሽ ገባ። አንኳን ቦልዲንም የፓሆኪ ልጅ ነው። ከቤል ግሌዱ ሀይስኩል፣ ከግሌድስ ሴንትራል፣ ፍሬድ ቴይለርና ሳንቶኒዮ ሆምስ አሉ። በ2009 መግቢያ ላይ ታምፓ ፍሎሪዳ ውስጥ በተካሄደው የኤንኤፍኤል ፍጻሜ፣ በሱፐር ቦል፣ ፒትስበርግና አሪዞና ተገናኙ። በአሪዞና በኩል ቦልዲን፣ በፒትስበርግ በኩል ሆምስ ተሰለፉ። ጨዋታው ሊያልቅ 35 ሰከንድ ሲቀረው ሆምስ ጥግ ላይ በእግሩ ጣቶች ቆሞ ኳሷን ያዘ፤ ፒትስበርግ 27 ለ 23 አሸነፈ፤ የጨዋታው ኮከብም እሱ ተባለ። በሐይቁ ዳር ያሉ ሰዎች ያን ጨዋታ በየትኛው ዓይን እንዳዩት መገመት አያስቸግርም።

ከዚህም ያነሰ ቦታ አለ። 11 ተጫዋች ማሰለፍ የማይችሉ የገጠር ትምህርት ቤቶች በስድስት ሰው ይጫወታሉ። ይህ አጨዋወት በ1934 ነብራስካ ውስጥ የተጀመረ ነው። ሜዳው ያንሳል፤ ከእረፍት ጀምሮ ልዩነቱ 45 ነጥብ ከደረሰ ጨዋታው ይቆማል። ፉክክሩ ግን አያንስም።

«የድሮው መዝገብ ሁሉንም ይናገራል»

ይህኛው ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። የድሮ ደጋፊዎች ሲፎክሩ መዝገብ ይጠቅሳሉ፤ በ1950ዎቹ ይህን ያህል፣ በ60ዎቹ ይህን ያህል እያሉ። በደቡብ ስቴቶች ግን የዚያ ዘመን መዝገብ ግማሽ ነው። ጥቁር ተማሪዎች ከነጮቹ ጋር አይማሩም ነበር፤ ስለዚህ አይጋጠሙም ነበር። በቴክሳስ የጥቁሮቹ ትምህርት ቤቶች ለብቻቸው ማኅበር ነበራቸው፤ በፕሬሪ ቪው ኮሌጅ በኩል የሚመራ። ከ1920 እስከ 1970 ቆይቷል። ጨዋታዎቹ ብዙ ጊዜ ረቡዕና ሐሙስ ነበሩ፤ አርብ ማታ ሜዳው የነጮቹ ስለሆነ።

እንዲያም ሆኖ ስለነበረው ፍቅር ስሙ። በሂዩስተን ጃክ የትስና ፊሊስ ዊትሊ የሚባሉ ሁለት ሀይስኩሎች በታንክስጊቪንግ ቀን ይገናኙ ነበር። ከ30,000 በላይ ሰው የገባበት ዓመት አለ። ሰው የክት ልብሱን ለብሶ፣ ሴቶቹ ባርኔጣ አድርገው፣ የሙዚቃ ባንዱ እየነፋ ይሄዱ ነበር። ዘመድ ከሌላ ከተማ ለዚያ ቀን ይመጣል።

በዚያ ማኅበር ካደጉት መካከል ጆ ግሪንና ኬን ሂዩስተን አሉ፤ ሁለቱም የክብር አዳራሽ ገብተዋል። እና አንድ ሰው «በዚያ ዘመን በቴክሳስ እኛን የሚያህል ቡድን አልነበረም» ሲል፣ እነ ጆ ግሪንን ገጥሞ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። አልገጠመም። ትምህርት ቤቶቹ ሲዋሐዱ ብዙዎቹ የጥቁሮች ሀይስኩሎች ተዘጉ። ዋንጫቸውም ፎቶአቸውም የትም ተጥሎ ቀረ። የድሮ ተማሪዎቹ ዛሬም ታሪኩን እየሰበሰቡ ነው፤ ልንሰማቸው ይገባል።

«ፉክክር ጥላቻ ነው»

አንዳንዴ ድብድብ ይነሳል፣ ስድብ ይኖራል፤ ለዚህ ነው በር ላይ ፖሊስ የሚቆመው። ግን ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባትን አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያን እንይ። በ1971 ከተማው የሦስት ሀይስኩል የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን በአንድ ትምህርት ቤት፣ በቲ ሲ ዊሊያምስ፣ ሰበሰባቸው። ዓምና በሜዳ ባላንጣ የነበሩ ነጭና ጥቁር ልጆች አንድ ማሊያ ለበሱ። ዋና አሠልጣኙ ኸርማን ቡን ጥቁር፣ ምክትሉ ቢል ዮስት ነጭ ነበሩ። 13 ጨዋታ ተጫውተው 13ቱንም አሸነፉ፤ የስቴቱ ሻምፒዮን ሆኑ። ከተማው ችግሩ ሁሉ አልተፈታም። ትምህርት ቤቱ ከ2021 ጀምሮ አሌክሳንድሪያ ሲቲ ሀይስኩል ይባላል፤ ዛሬ የኛም ልጆች ይማሩበታል።

«ልጄ ከተጫወተ ስኮላርሺፕ ያገኛል»

ወላጆች፣ እዚህ ላይ ልባችሁን አትጣሉ። በአገሪቱ አንድ ሚሊዮን ገደማ ተማሪ ይጫወታል። ከ100ው በኮሌጅ የሚቀጥለው 7 ገደማ ነው፤ በከፍተኛው ደረጃ፣ ዲቪዥን አንድ በሚባለው፣ ደግሞ 3 ገደማ። ዲቪዥን ሦስት የሚባሉት ኮሌጆች በስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም። በዲቪዥን አንድ ለመጫወትም በሀይስኩል 16 ዋና ዋና ኮርስ ማለፍ ግዴታ ነው። ስለዚህ ሒሳቡና እንግሊዝኛው ከልምምዱ ጋር እኩል ይሂድ። ጭንቅላት ከተመታ ደግሞ «ደህና ነኝ» ቢላችሁም ሐኪም ሳያየው ወደ ሜዳ አይመለስ።

«ይሄ የኛ ነገር አይደለም»

ለምን አይሆንም? ዛሬ ሁሉም ቡድን ለነጥብ ኳስ በእግር ሲመታ የሚመታው በእግር ጎን፣ በእግር ኳስ ስልት ነው። በትልቁ ደረጃ ያመጣው ከሀንጋሪ ተሰዶ የመጣው ፒት ጎጎላክ ነው፤ በ1964 ለቡፋሎ ቢልስ። ሰፈር ውስጥ ኳስ ሲያንከባልል ያደገ የኛ ልጅም ቦታ አለው። መጫወት ባይፈልግ የሙዚቃ ባንዱ አለ።

ለእናንተም ቦታ አለ። ልጃችሁን የባላንጣችሁ ትምህርት ቤት የትኛው እንደሆነ ጠይቁት፤ ከሱ ጋር የሚጫወቱበትን አርብ ያዙ። ትኬቱ ብዙ ቦታ በስልክ ነው የሚቆረጠው፤ አስቀድማችሁ ቁረጡ። ትልቅ ቦርሳ አያስገቡም። የትምህርት ቤቱን ቀለም ልበሱ፤ የባላንጣውን ቀለም ቤት ተዉት። የባለሜዳና የእንግዳ ደጋፊ መቀመጫ ለየብቻ ስለሆነ በር ላይ ጠይቃችሁ ግቡ። ጥቅምት ሲገባ ማታው ይበርዳል፤ ጋቢ ያዙ።